ማዘል ክልክል ነው

ባጃጁ አላሙራ ተራራ ሥር አውርዷቸው አቧራውን እያቦነነ ሲመለስ፣ ኡሙልኸይር እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ለልጇ ሰጠች። ሙንተሃም እንደ ልማዷ ሁለት እጇን አነሳች።

«እናት፣ መጀመሪያ ሰሌዳውን አንብቢ» አሉ ከበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ።

ሰሌዳው አጥሩ ላይ በሽቦ ታስሯል። በትልቁ «የልጆች መንገድ» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት መስመር ተጽፏል። ልጅ ከፊት፣ አዋቂ አምስት እርምጃ ከኋላ። ፌስታል ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማዘል ክልክል ነው።

ኡሙልኸይር የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የፕላስቲክ ዕቃ መነገድ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ከጅምላ ሻጭ ጋር ተጨቃጭቃ፣ የባልዲ ቁልል በራሷ አናት ተሸክማ የኖረች ሴት ናት። ክልክል የሚባል ነገር ብዙም አያስደነግጣትም። ይኼኛው ግን አስደነገጣት።

አምና ሙንተሃን ሞተር ሳይክል ገጭቷት እግሯ ተሰብሮ ነበር። ሦስት ወር በጀሶ ከረመች። ጀሶው ከወጣ ይኸው ስምንተኛ ወሩ ነው፤ ሐኪሙም «አጥንቱ ገጥሟል፣ ትራመድበት» ብሏል። ኡሙልኸይር ግን መንገድ ባየች ቁጥር ያ ሞተር ይታያታል። ስለዚህ ሰባት ዓመት የሞላትን ልጅ ትምህርት ቤት አዝላ ትወስዳለች፣ አዝላ ትመልሳለች። የክፍሏ ልጆች «አዝሉኝ» የሚል ስም አወጡላት። ባለፈው ወር ክፍሉ እዚህ ተራራ ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ አናቱ ላይ ባለ ድንጋይ ስሙን በቀለም ጽፎ ሲመለስ፣ ሙንተሃ ሱቅ ውስጥ የጆግ ክዳን ስትገጥም ዋለች። ያን ዕለት እራት አልበላችም። «የኔ ስም የለም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ኡሙልኸይር ያንን ፊት ሦስት ሳምንት አይታ አይታ ነው ዛሬ ሱቋን ዘግታ የመጣችው።

ሽማግሌው ጋሽ በርናባስ ይባላሉ። የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ እንደ እኩዮቻቸው ጥላ ፈልገው መቀመጥ ትተው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ በድንጋይ ይህንን መንገድ ሠሩ።

«እኔ በአቋራጩ ቀድሜ ወጥቼ አናቱ ላይ እጠብቃችኋለሁ» አሉ ወደ ሙንተሃ ጎንበስ ብለው። «እዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቅሽ፤ ማን አዘለሽ? ማንም ካላዘለሽ ብሩሹን ትወስጃለሽ። አውሬ ካገኛችሁ አትሩጡ፣ መንገዱን ልቀቁለት። ሰፈሩ ነው።»

«ቢዋሹዎትስ?» አለች ኡሙልኸይር።

«የምጠይቀው ልጅ ነው፤ አዋቂ አልጠይቅም።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ የሚያዝያ ፀሐይ ግን ሰዓት አያውቅም፣ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። መንገዱ ከበሩ እንደተነሳ ሽቅብ ያዘ። ሙንተሃ ከበሩ ሥር ያነሳችውን ዱላ ጨብጣ ከፊት ወጣች። ኡሙልኸይር አምስት እርምጃ ቆጥራ ተከተለች። አምስት እርምጃ ሱቋ ውስጥ ከበሩ እስከ ሳፋው መደርደሪያ ነው፤ እዚህ ግን ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ሆነባት። ልጅቷ ቀኝ እግሯን ሳብ እያደረገች ትወጣለች። ጠጠር ከሥሯ በተንሸራተተ ቁጥር የእናትየው እጅ ብድግ ይላል። ሙንተሃ ሳትዞር «አምስት!» ትላለች፤ እጁም ይወርዳል።

መንገዱ ግን እንዴት ያለ መንገድ ነው! እርከኖቹ በልጅ እርምጃ ልክ ተቆርጠዋል። ቁልቁለቱ በሚያስፈራበት ቦታ ልጅ የሚይዘው አጥር ቆሟል። ኩይሳ ባለበት መንገዱ ዞር ብሎ ያሳያል፤ ግንዱ የተቦረቦረ ዋርካ ባለበት ደግሞ በግንዱ ውስጥ ያሳልፋል። ሙንተሃ በቀዳዳው ሹልክ ስትል ኡሙልኸይር በዙሪያው መዞር ነበረባት። መቀመጫ ብላ ባረፈችበት ግንድ ላይም ጉልበቷ አገጯን ሊመታት ምንም አልቀረው። እኚህ ሰውዬ መንገዱን ሲሠሩ አዋቂ የሚባል ፍጡር መኖሩን ረስተውት ነበር። ኡሙልኸይር በልቧ አደነቀቻቸው፤ በአፏ ግን «ወገቤን!» አለች።

ዋርካውን እንዳለፉ ከሻርፗ ሥር የደበቀችው ነገር ኮሽ አለ። ሰሌዳውን ያላነበበች እንዳይመስላችሁ። ፌስታል በኪሎ የምትሸጥ ሴት ፌስታል ትታ ትወጣለች ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው፤ ስምንት ሳምቡሳ ቋጥራ ይዛለች። ያቺን ኮሽታ የአላሙራ ጦጣዎች ከሰው ድምፅ በላይ ያውቋታል። አንዱ ከቅርንጫፍ ዱብ አለ፤ ሁለተኛው ከኋላ መጣ፤ ሦስተኛው ሻርፗን ጎተተ።

«ሂድ! ዞር በል! ሌባ!»

«እማ፣ ልቀቂው! ጣይው!»

ለቀቀችው። ጦጣው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ዛፍ ላይ ወጣና አንዱን ሳምቡሳ እንደ ደንበኛ ገለባብጦ አይቶ ጎረሰ። ሙንተሃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኡሙልኸይር ልጇን እንዲህ ስትስቅ ከአምና ወዲህ ሰምታት አታውቅም፤ ስምንቱም ሳምቡሳ በዚያች ሰዓት አላሳዘኗትም።

ከኋላቸው ሌላ ሳቅ ተሰማ። አዲስ ስኒከር ያጠለቀና የእጅ ሰዓቱ እርምጃ የሚቆጥርለት ሰው ልጁን አስቀድሞ እየመጣ ነበር። ጉልላት ይባላል፤ ከሱቋ ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣል። ልጁ መክብብ የሙንተሃ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ክፍሉ የወጣ ዕለት በጉንፋን ቀርቶ ነበር። «አዝሉኝ» የሚለውን ስም መጀመሪያ ያወጣላትም እሱ ነው።

«አዝሉኝ መጣች!» አለ።

«እስቲ ማለፊያ ስጡን» አለ አባትየው። «ከአንድ ሰዓት በታች ነው የምንወጣው።»

አለፏቸው። ሙንተሃ ዱላዋን ጠበቅ አድርጋ እርምጃዋን ጨመረች።

ግማሽ መንገድ ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ተነሳ። መጀመሪያ ቅጠሉን ገለበጠ፤ ቀጥሎ ሰማዩ ጠቆረ፤ ከዚያ ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደባቸው። ጉሙ ዛፎቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው። ኡሙልኸይር ደንቡን ረሳች። ሮጣ ከፊት ገባች።

«በኋላዬ ነይ!»

«እማ፣ መንገዱ በዚያ አይደለም!»

«ነይ አልኩሽ!»

ቁጥቋጦ ጥሳ ገባች። እሾህ ሻርፗን ያዘ፣ ጭቃው ጫማዋን ሳበ። ሃምሳ ሜትር ያህል እንደሄደች ከፊቷ ያለው ቁጥቋጦ ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሱ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ከርከሮ ወጣ። እሷን አየ። በኮቴው መሬቱን ጫረ። የኡሙልኸይር እግር ለመሮጥ ተዘጋጀ፤ ጀርባዋም ልጇን ለማንሳት አጎነበሰ።

«አትሩጪ» አለች ሙንተሃ በሹክሹክታ። «መንገዱን እንልቀቅለት። ሰፈሩ ነው።»

የእናቷን ቀሚስ ይዛ ወደ ጎን ሳበቻት። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ከርከሮው አሰበበት። ከዚያ ጭራውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ሦስት ግልገሎች አስከትሎ፣ እንደ ባለሥልጣን በፊታቸው አለፈ።

ኡሙልኸይር ትንፋሿ ሲመለስላት መንገዱ የት እንደሆነ ፈጽሞ ጠፍቷት ነበር። ሙንተሃ ግን ጎንበስ እንኳ ሳትል ጣቷን ዘረጋች።

«ቀስቱ ይኸው።»

መንገዱ ዞሮ በሚመጣበት በኩል፣ አንድ የዛፍ ሥር ላይ፣ ከጉልበት ከፍ ሳይል፣ ነጭ ቀስት ተቀብቷል። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ኡሙልኸይር ከበሩ እስከዚህ ድረስ አንዱንም አላየችም፤ ሁሉም የተቀቡት በልጅ ዓይን ልክ ነው። ሙንተሃ ግን ሁሉንም እያየች ነበር የመጣችው። እናትየው አፈረች፤ ቀጥሎም ኮራች፤ ሁለቱም ስሜት በአንዴ ነው የያዛት። ተመልሳ አምስት እርምጃ ከኋላ ቆመች።

ዝናቡ ሲያባራ ከፈፋው ደረሱ። ጠዋት ደረቅ የነበረው ፈፋ አሁን የሻይ መልክ ያለው ጎርፍ ይወርድበታል። መሻገሪያው ሰባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ውኃው በመካከላቸው ይንደቀደቃል። ዝናቡን ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ያሳለፉት ጉልላትና መክብብም እዚያው ደረሱ። ጉልላት ሰዓቱን አየ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ልጁን እሽኮኮ አድርጎ ተሻገረና ሽቅብ ጠፋ።

«ይኸው እነሱም...» አለች ኡሙልኸይር።

«እኔ በእግሬ ነኝ» አለች ሙንተሃ።

አንደኛውን ድንጋይ ረገጠች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ቆመች፤ ዱላዋ የሚይዘው አጥቶ ውኃው ውስጥ ተወዛወዘ። ያ ሞተር በኡሙልኸይር ዓይን ውስጥ ሲመጣ ታየ። ሌላ አላሰበችም። ውኃው ውስጥ ዘላ ገባች፣ ልጇን አፈፍ አድርጋ አዘለች፣ የቀሩትን ሦስት ድንጋዮች አልፋ ዳር ላይ አወጣቻት።

«ደረስን እኮ! ማንም አላየንም።»

ሙንተሃ ከጀርባዋ ወረደች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ፊቷን አዞረች። ያው ወደ ግድግዳ የዞረው ፊት ነበር።

አናቱ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ጠበቃቸው። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች ጀምሮ ከተማው በዝናብ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ በአሞራ ገደል በኩል የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ጋሽ በርናባስ ከግራር ሥር የቀለም ቆርቆሮ ደርድረው ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን የልጆች ስም የተጻፈባቸው ድንጋዮች ሞልተዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። መክብብ ቀድሞ ብሩሽ ይዞ እየጻፈ ነው። ሽማግሌው እውነተኛ ደስታ ፊታቸው ላይ እየታየ ተነሱ።

«ሙንተሃ፣ ማን አዘለሽ?»

ኡሙልኸይር አፏን ከፈተች። ልጇ ቀደመቻት።

«እማ። ፈፋው ላይ። ሦስት ድንጋይ።»

«ጋሽ በርናባስ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» አለች ኡሙልኸይር። «እሷ በእግሬ ነኝ ብላ ነበር። ይህን ሁሉ ዳገት በእግሯ ወጥታ በሦስት ድንጋይ ስሟ ይቅር?»

«መንገዱ የትም አይሄድም እናት። ሌላ ቀን ይዘሻት ነይ» አሉ ሽማግሌው። ሲናገሩ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር፤ ለእሳቸውም ከብዷቸዋል።

«ሌላ ቀን አልፈልግም» አለች ሙንተሃ። «አሁን እመለሳለሁ።»

ዱላዋን አንስታ የመጣችበትን ቁልቁለት ያዘች። መክብብ ብሩሹ እጁ ላይ ቀረ። ድንጋዩ ላይ «መክ» ብሎ ጽፏል። አባቱን ቀና ብሎ አየው፤ ጉልላት ሐይቁን አይቶ የማያውቅ ይመስል አተኩሮ ያይ ነበር። ልጁ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰና ከሙንተሃ ኋላ ሮጠ።

ፈፋው ጎድሏል፤ ያም ሆኖ ድንጋዮቹ ያሟልጫሉ። ሙንተሃ ዳር ላይ ቆመች።

«እማ፣ አትግቢ።»

«አልገባም።»

ኡሙልኸይር በራሷ እጅ እምነት አልነበራትም። ሻርፗን አውልቃ ሁለት እጇን ጠቀለለችበት፤ ጫፉንም በጥርሷ ነክሳ አጠበቀችው። ሙንተሃ ሰባቱን ድንጋይ አንድ በአንድ ረግጣ ማዶ ወጣች። እዚያ ዞረች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ መመለስ ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ቀኝ እግሯ ከዳት፤ ዥው ብላ ውኃው ውስጥ ገባች።

«ኧረ ግቢ!» አለ ከኋላ የደረሰው ጉልላት። «ምን ዓይነት እናት ነሽ?»

«ዝም ይበሉ!» አለች ኡሙልኸይር። እንባዋ ይወርዳል፣ እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም። «እየተነሳች ነው።»

እውነትም እየተነሳች ነበር። ውኃው ከጉልበቷ አይዘልም። ዱላዋን ተከለች፣ ድንጋዩን በደረቷ ያዘች፣ ወጣችበት። አምስት። ስድስት። ሰባት። ጭቃ ከራሷ እስከ እግሯ እየተንጠባጠበ ከእናቷ ፊት ቆመች። ኡሙልኸይር ልታቅፋት ብላ እጇ ታስሮ ተቸገረች፤ ሙንተሃ ራሷ ፈታችላት። መክብብም ተከትሎ ተሻገረ፣ ተመለሰ። አባቱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲመለከት፣ ሰዓቱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየም።

እንደገና አናቱ ላይ ሲደርሱ፣ ጋሽ በርናባስ ጥያቄውን አልደገሙም። የረጠበ ቀሚሷን አዩ፣ ብሩሹን ሰጧት። «ዳንቻ» አሉ በሲዳምኛ፤ ደግ ነው ማለታቸው ነው። ሙንተሃ ትልቁን ድንጋይ መርጣ ስሟን በሰማያዊ ጻፈች፤ ፊደሎቹ ከራሷ ጭንቅላት የሚተልቁ ነበሩ። ከጎኗ መክብብ ያቋረጠውን ስም ሊጨርስ ተንበረከከ።

«ሙንተሃ፣ ስትጨርሺ ሰማያዊውን አቀብዪኝ» አለ። በስሟ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሲወርዱ ፀሐዩ ወደ ሐይቁ አዘንብሏል። ባጃጆቹ ታች ይታያሉ። ኡሙልኸይር የጫማዋን ጭቃ ልታራግፍ ጎንበስ አለች፤ ጀርባዋ ቀሎባት፣ ስምንት ወር ሙሉ ምን ያህል ሸክም እንደተሸከመች ገረማት። ለአፍታ ቆየች መሰለኝ። ቀና ስትል ልጇ ከርቀት ዱላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቀኝ እግሯን ሳብ እያደረገች፣ ከበሩ ልትደርስ ነው።

ሙንተሃ ቆማ ዞረች።

«እማ! አምስት እርምጃ ነው የተባለው፤ በጣም ራቅሽ!»