ኤሪቫን የሄደ ቀን

«ነገ አይሆንም» አለ ኤሪቫን፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ጁሲያራ በትክክል የሰማችው አልመሰላትም። ወንድሟ ከባሕሩ ጎን ባለው ሐይቅ ዳር አሸዋው ላይ ተንበርክኮ፣ ከአንዱ የውሃ ሰሌዳ ሥር ክንፍ መሳዩን ብረት፣ ፎይሉን፣ እየፈታ ነበር። እሱ የሚያስተምርበት የሰሌዳ ትምህርት ቤት እንግዶች ምሳ ሊበሉ ሄደዋል፤ የራስ ቁራቸውና ሰደርያቸው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ነገ እኮ የእረፍታችን የመጨረሻ እሑድ ነው» አለችው። «ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። ሐምሌን ሙሉ የፈረንጆቹን ሰሌዳ ሳጥብ የከረምኩት ለምን መሰለህ?»

ቃል ገብቶላት ነበር። ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው፣ ባሕሩን ባሕሩን፣ ከመንደራቸው ከፖንታ ዳ ኤማ እስከ ቀጣዩ መንደር አብረው ሊበሩ። እንግዶቹ ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡት ለዚህ መንገድ ሲሉ ነው። በአየር የተነፋ ሸራ በእጃቸው ይይዛሉ፤ ነፋሱ ሲጎትታቸው ሰሌዳው ከውሃው ብድግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ባሕሩን እየሰነጠቀ የሚሄደው ከሥር ያለው ቀጭን ፎይል ብቻ ነው። አብዛኞቹ ሳምንቱን ሙሉ ሐይቁ ላይ ሲወድቁ ሰንብተው፣ አፍንጫቸው ተልጦ አገራቸው ይገባሉ። ጁሲያራ ግን ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተነስታለች። ኤሪቫን ውሃው እስከ ደረቱ ደርሶ፣ «ክብደትሽን ወደፊት! ጉልበትሽን ሸብረክ አድርጊ!» እያለ ሲጮህባት፣ ድንገት ከእግሯ ሥር የውሃው ድምፅ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሰማችው እሱን ብቻ ነው። «በረረች! እህቴ በረረች!» እያለ፣ እየወደቀ እየተነሳ ይከተላት ነበር።

«ሥራ ካለብህ ከሰዓት በኋላ እንሄዳለና!»

«ሥራ አይደለም።» መፍቻውን አስቀመጠ። «ጁሲ፣ ነገ ጠዋት ከማሬን ጋር እሄዳለሁ።»

«የት?»

«አገሯ። ዴንማርክ።»

ጁሲያራ ሳቀች። ማሬን ላለፉት ሦስት ዓመታት በየሐምሌው የምትመጣ እንግዳ ናት። ስትወድቅም የምትስቅ፣ ስትነሳም የምትስቅ ረጅም ሴት። ኤሪቫንና እሷ እንደሚዋደዱ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጁሲያራም ራሷ ትወዳታለች፤ ነገሩን ያከፋባትም ይኸው ነው።

«አቦ አትፎግረኝ!»

«እየፎገርኩሽ አይደለም።»

«እዚያ እኮ በረዶ ነው! አንተ እኮ እዚህ ዝናብ ሲያካፋ ሹራብ የምትፈልግ ሰውዬ ነህ!»

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ያኔ እውነቱን መሆኑ ገባት።

«አባዬ ያውቃል?»

መፍቻውን መልሶ አነሳ።

«ኤሪቫን! አባዬ ያውቃል ወይ?»

«አንቺ ንገሪው። ፎርታሌዛ ከተማ ለሥልጠና ሄዷል፣ በሳምንቱ ይመለሳል በዪው። እዚያ ከደረስኩ በኋላ እኔው ደውዬ እውነቱን እነግረዋለሁ።»

«አሁን ለምን አትነግረውም? ቤታችን እኮ ያውና!»

«ፊቱን ካየሁ መሄድ አልችልም» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ሞክሬው አውቃለሁ። አምና ሻንጣዬን ይዤ በር ድረስ ወጥቼ ነበር። አባዬ ደጅ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። ‹ና ይቺን ጫፍ ያዝልኝ› አለኝ። ያዝኩለት። ቀረሁ። ዘንድሮም ከቀረሁ፣ ጁሲ፣ በቃ ቀረሁ ማለት ነው።»

እናታቸው ስትሞት ጁሲያራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ እሱ አሥራ አምስት። የእህቱን ጸጉር ለመጎንጎን ሲል ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቁጭ ብሎ ተምሯል፤ ጓደኞቹ ስንት ጊዜ ስቀውበታል። «እኔስ?» ልትለው ፈልጋ ተወችው። ሰሌዳዋን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

አመሻሹ ላይ አባቷ ዘኖቢዮ የተጠበሰውን ዓሣ ለሦስት ከፈለው።

«ወንድምሽስ?»

«ከእንግዶቹ ጋር ይበላል።»

ውሸት አልነበረም፤ ግን አፏን መረራት። አባቷ ራሱን ነቀነቀና የኤሪቫንን ድርሻ በሳህን ከደነው። «ይጫወት፣ ወጣት አይደል» አለ። ስለ መጪው ቅዳሜ የጀልባ ውድድር ትንሽ አወራ፤ ጠዋት አዲሱን ሸራ ሊሞክር እንዳሰበም ነገራት። ጁሲያራ አንገቷን ደፍታ አጥንቱን ስትለቅም ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት መኪናውን እንግዳ ማረፊያው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ጣሪያ የሌለው፣ እንግዶችን በአሸዋው ላይ የሚያመላልሰው መኪና ነው። ማሬን አቅፋት አለቀሰች፤ በተሰባበረ ፖርቹጋልኛ «ይቅርታ» አለቻት፣ ደጋግማ። ኤሪቫን ቆቡን እስከ ቅንድቡ ጎትቷል።

«ባሕሩ ሸሽቷል፤ መኪናው ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው፤ መንገዳችሁ በአባዬ በኩል ነው» አለችው። «እዚያ ስትደርሱ ውረድና አንዴ እቀፈው። አንዴ ብቻ።»

ኤሪቫን ሁለት እጁን ጉንጮቿ ላይ አድርጎ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ቆቡን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። መኪናው ተነሳ።

ጁሲያራ የአሸዋውን ኮረብታ ሮጣ ወጣች። ከታች አባቷ የእንጨት ጀልባውን በግንዶች ላይ እያንከባለለ ወደ ውሃው ለማውረድ ይታገላል፣ ብቻውን። መኪናው ሲቃረብ ወገቡን አቀናና እጁን አነሳ። ዘኖቢዮ የሚያልፈውን እንግዳ ሁሉ ሰላም ሳይል አያሳልፍም። ኤሪቫን ወለሉ ላይ የወደቀ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ድፍት አለ። ማሬን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። መኪናው አለፈ። የአባቷ እጅ ግን አልወረደም፤ መኪናው ከድንጋዮቹ ኋላ እስኪሰወር ድረስ እንደተነሳ ቆየ።

ስትደርስ አባቷ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ ኤሪቫን ፎርታሌዛ...» ብላ ጀመረች። ቀጥሎ የሚመጣውን በቃሏ ይዛዋለች። አባቷ አሻቅቦ ሲያያት ግን ምላሷ አልታዘዝ አላት። «ኤሪቫን ሄደ። ከማሬን ጋር፣ አገሯ። ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ነው በዪ ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ማን ነገረህ?»

«የእናታችሁን ፎቶ ከግድግዳው ላይ ወስዶታል። ለአንድ ሳምንት ሥልጠና እንዲህ አይደረግም።» መኪናው ወደሄደበት ተመለከተ። «ደግሞ ልጄን በቆብ ይደብቁልኛል? እጄን ያነሳሁት ለሱ ነው። ቀና ቢልልኝ ደህና ግባ ልለው ነበር።»

አገጩ ተንቀጠቀጠ። ዞር ብሎ አንድ የተፈታ ገመድ እንደገና ይፈታ ጀመር።

የጁሲያራ ስልክ ጮኸ። የኤሪቫን መልእክት ነበር። «ነገርሽው? ምን አለ?»

ጣቶቿ ሳታዛቸው ጻፉ። «አይቶሃል። እጁን ያነሳው ላንተ ነው። እያለቀሰ ነው።»

አልላከችውም። መኪናው ገና ከድንጋዮቹ ወዲያ ያለውን ወንዝ አልተሻገረም። ይህን ካነበበ እንደሚመለስ ታውቃለች። ከምሳ በፊት እዚህ አሸዋ ላይ እየሮጠ ይደርሳል። አባቷን ያቅፋል፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ቃሉ አብረው ይበራሉ፤ ሰኞ ጠዋት ጸጉሯን ይጎነጉንላታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ወይም ጭራሽ ሻንጣ ማንሳቱን ይተዋል።

እንዲመለስላት ፈለገች። ከምንም በላይ ፈለገች።

አባቷ ወደ ስልኳ አላየም፤ አትጻፊም ጻፊም አላላትም። የመኪናውን ጎማ ዱካ ማዕበሉ ሲልሰው ይመለከታል።

ጁሲያራ የጻፈችውን ሁሉ አጠፋችው። ከዚያ ሌላ ጻፈች፦ «እውነቱን ነገርኩት። ደህና ግባ ብሎሃል።» ሐሳቧን ሳትቀይር ላከችው። ስልኩን ዘግታ ጫማዋ ውስጥ ከተተችውና ጫማውን ውሃ ከማይደርስበት አስቀመጠች።

ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ከጀልባው ኋላ ቆመች።

«ከባድ ነው፣ የኔ እናት» አለ አባቷ። «የወንድምሽ ቦታ ነው እሱ።»

«አውቃለሁ። እንግፋ በቃ።»

ገፉ። ጀልባው ንቅንቅ አላለም። እግሯ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፤ ትከሻዋን እንጨቱ ፋቀው።

«እንደገና» አለች ጁሲያራ።