ያልተነካው ነጭ መስመር

አዛውንቱን መሪውን እንደጨበጡ ነበር ያገኟቸው። መኪናው ቁልቁለቱን ወርዶ ከግንብ ጋር ተላትሟል፤ ከሻጩ ኩባንያ ጋራዥ ከወጣ ገና ሩብ ሰዓቱ። ወንበሩ ላይ የተገኘው የጥገና ወረቀት «ፍሬን ተፈትሿል፤ መንገድ ላይ ተሞክሯል» ይላል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ የፊቱን ጎማ አየች። ከአንዱ ብሎን ራስ እስከ ቸርኬው ቀጭን ነጭ ቀለም ተሰምሯል። ፎቶ አነሳችው።

«አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?» አለቻት የሟቹን ልጅ።

«የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጭንቀቱ ሁሉ ይሄ ፍሬን ነው። ይጮኻል ብሎ ሁለቴ ሻጮቹ ጋራዥ ወሰደው፤ ሁለቴም አጥበው መለሱለት። ሰፈር መካኒክ ልውሰደው ሲለኝ፣ ዋስትናው ይሰረዛል ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ማን እንደገደለው ብቻ ይንገሩኝ።»

«ስልካቸው ላይ እንዳየሁት ከጋራዡ ሲወጡ ደውለውልሽ ነበር። ምን አሉሽ?»

«እንዲሁ ነው… ለሰላምታ።»

መርፌ አልገፋችበትም።

ጋራዡ ስትደርስ ኃላፊው ጣቱን ቀስሮ ጠበቃት። «መካኒኩ ነው! ጎማውን ፈቶ ሲገጥም የፍሬን ቱቦውን አቁስሎት ነው።»

«እኔ ያንን መኪና በዓይኔም አላየሁት» አለ መካኒኩ።

«ወረቀቱ ላይ ስምህ አለ!»

መርፌ ወደ ደንበኛ ተቀባይዋ ዞረች። «መኪናው ሲገባ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነበር?»

«አርባ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሁለት።»

«ሲወጣስ?»

ተቀባይዋ መዝገቡን ገለጠች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «ያው ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንና የሟቹን ልጅ ደንበኞች መጠበቂያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቱቦው ከብረት ጋር ሲፋተግ ከርሞ ነው የተበሳው» አለች። «ጎማ ሳይፈታ አይታይም። ተፈቷል ወይ? ሟቹ ብልህ ሰው ነበሩ፤ ብሎኑና ቸርኬው ላይ አንድ መስመር አሰመሩ። ብሎኑ ከተነካ መስመሩ ይሰበራል። አልተሰበረም። መንገድ ላይ ተሞክሯል ተባለ፤ ቆጣሪው ግን ፈቀቅ አላለም። ስለዚህ መካኒኩ አልዋሸም። መኪናው ከእጥበት አላለፈም።»

«ታዲያ ተፈትሿል ያለው ማነው?» አለች የሟቹ ልጅ።

መርፌ ከኃላፊው ጠረጴዛ ያነሳቻቸውን ቅጾች ዘረጋች። የነገ ቀን ተጽፎባቸዋል። ስምንት መኪኖች፤ ገና ከየቤታቸው ሳይወጡ ሁሉም ተፈትሸዋል፣ ሁሉም ተሞክረዋል። በመካኒኩ ስም፣ በኃላፊው እጅ ጽሑፍ።

«ሥራ እንዳይጓተት አስቀድሜ ነው የምሞላው» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ወርዷል። «አሠራራችን ነው።»

«በቸልተኝነት ይከሰሳሉ» አለችው መርፌ። ብዙ እንደማያስቀጣው ታውቃለች። የመርማሪ ሥራ መቼም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ዛሬ ግን ከወትሮው ይበልጥ መረራት።

የሟቹ ልጅ ኃላፊውን አላየችውም። የጎማውን ፎቶ አንስታ አውራ ጣቷን በነጩ መስመር ላይ አስኬደች።

«ለሰላምታ አልነበረም የደወለው» አለች። «‹መስመሬ እንዳለ ነው ልጄ፤ አልነኩትም፤ ልመለስ?› አለኝ። ‹ኧረ አባዬ፣ ወረቀቱ ተፈትሿል ካለ ተፈትሿል፤ ሰው አታድክም፣ ዝም ብለህ ንዳ› አልኩት።»

መርፌ ይህን ጠርጥራ ነበር። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።