በጉዲፈቻ የመጣች ቅርንጫፍ

ጠዋት ዘበኛው እንደ ልማዱ የቤቱን አየር ቀመሰና የስንቅነሽን የሎሚ ዛፍ በጨረር ሊያቃጥል ተነሣ። ዘበኛ የሚሉት በጨረቃዋ የዋሻ ከተማ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተገጠመውን፣ አየርና ውሃ የሚጠብቀውን ማሽን ነው። እግርም ዱላም የለውም፤ በግትርነቱ ግን የጥንቶቹን ዘበኞች ያስከነዳል።

«ተው! አትንካት!» ስንቅነሽ ከነቢላዋ ዘላ ዛፉ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ሎሚው ላይ ባዕድ አካል ተጣብቋል። በሽታ ነው።»

«የምን በሽታ! እኔ ነኝ ያጣበቅኳት።»

እውነቷን ነው። የከተማው ብርቱካኖች ሥራቸው በስብሶ አልቀዋል። እሷ የሎሚዋን ግንድ ሰንጥቃ፣ ከሞቱት ዛፎች የተረፈ የብርቱካን ቅርንጫፍ አስገብታ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ማዳቀል ይሉታል፤ አንዱን ተክል በሌላው ሥር ማኖር ነው። ዘበኛው ግን የሚያውቀው አንድ ዛፍ አንድ ዘር መሆኑን ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ያዳቀለቻቸውን አሳርሮባት አልቅሳለች። ይህች የመጨረሻዋ ናት፤ እሷም ከተቃጠለች ጨረቃ ላይ ብርቱካን የሚባል ነገር አከተመ። ዘበኛውን እንዳታጠፋው፣ ያለ እሱ አየር የለም።

«አንቺ ሴት፣ ከግድግዳ ጋር ምን ያከራክርሻል? ተዪው» አላት ባሏ ጥጋቡ።

«አልተወውም!» ብላ ዞራ አየችው። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። ጥጋቡ በጉዲፈቻ ያደገ ነው፤ ከአሳዳጊዎቹ ጋር የደም ጠብታ አይጋራም። እሾህን በእሾህ ነው አለች በልቧ።

«ዘበኛ! ይኼ ሰውዬ ባደገበት ቤት ባዕድ ነበር?»

«የለም እትዬ። ልጃቸው ነው።»

«እንግዲያው ይህችም ልጄ ናት። በጉዲፈቻ ወስጃታለሁ፤ ሎሚው ያሳድግልኛል።»

ዘበኛው የቤተሰቡን መዝገብ ከፈተ። «ስሟ ማን ይባል?»

«ተረፈች።»

ጨረሩ ጠፋ። ጥጋቡ «ልጅ ውለጂልኝ ብል ቅርንጫፍ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ተረፈች ያዘች፣ ለመለመች። ዘበኛው የውሃ ድርሻ ቆረጠላት፤ እንግዳ ሲጮህ «ልጅ ተኝታለች» እያለ ይቆጣ ጀመር። በመጨረሻም አንዲት ብርቱካን አፈራች። ስንቅነሽ ልትቀጥፍ እጇን ስትሰድ ጨረሩ ቦግ አለ።

«እትዬ፣ የቤተሰብ አካል አይቆረጥም።»

«ፍሬ እኮ ነው! ልንበላው ነው የለፋነው!»

«ልጄ ናት ብለዋል። ልጅ ይበላል?»

ጥጋቡ ምራቁን ዋጠ። «ልጄ አይደለችም በይውና እንብላ።»

«ከዚያስ? ያቃጥላታል! አላደርገውም።» ወደ ግድግዳው ዞረች። «ልጅ ራሷ ብትሰጥስ?»

«በፈቃዷ ከሆነ፣ ይብሉ።»

ስንቅነሽ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ከዛፉ ሥር እየተቀመጠች መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። ፍሬዋ ደርቃ ትቀራለች ብላ ፈራች፤ ግን አልነካቻትም። አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጣ ሳለች ብርቱካኗ ከቅርንጫፏ ለቀቀችና በጨረቃ አወዳደቅ ቀስ እያለች ወርዳ መዳፏ ላይ አረፈች።

«ሰጠች» አለ ዘበኛው።

ሰው ዘመኑን ሁሉ ከዛፍ ሲቀጥፍ የኖረው ሳያስፈቅድ ነው። ስንቅነሽ ብርቱካኗን ልትልጣት ስትል ተወችው። ደፋ ብላ ቅርንጫፏን በግንባሯ ነካች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አለቻት።