ዳርሲ ጠረፉን የተሰናበተበት በጋ

የደቡቡ ነፋስ የደረሰባቸው ከዋላሚ መንደር ከተነሡ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ባሕሩ ጠቆረ፤ ወዲያው ነጭ አረፋ ለበሰ። ኔሪዳ ከፊት፣ ታላቅ ወንድሟ ዳርሲ ከኋላ ተቀምጠው የሚቀዝፏት ቀጭን ታንኳ ሞገዱ ጀርባ ላይ ወጣች፣ ቁልቁል ተወረወረች፣ እንደገና ወጣች።

«በግራ በኩል አጥብቀህ ቅዘፍ እንጂ» አለች ኔሪዳ።

«እያጠበቅኩ ነው። ሻይ የምታማስዪ የምትመስዪው አንቺ ነሽ።»

ዳርሲ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት በዚህ ጠረፍ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል። ባለፈው ዓመት የዓይኑ ብርሃን ከመሃል ይጠፋ ጀመር፤ አሁን የሚያየው በዓይኑ ጥግ ብቻ ነው። ሲድኒ ለምትኖረው እህቱ ደወለና «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ፣ እማዬ በየበጋው በምትወስደን መንገድ እስከ ቡራንጋ ልቅዘፍ» አላት። ኔሪዳ አብደሃል ብላ ስልኩን ዘጋችው። በማግስቱ ዕቃዋን መኪና ላይ ጫነች።

ቲንካ የምትባለው መንደር ሲደርሱ እጃቸው ተልጦ ነበር። ከባሕሩ ዳር ያለችው የተጠበሰ ዓሣ መሸጫ አሁንም አለች፤ ባለቤቷ ጆይስም አለች፣ ፀጉሯ ጥጥ መስሎ።

«የማርጀሪ ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» አለች ትክ ብላ አይታቸው። «እናታችሁ እግራችሁን ሳትታጠቡ እዚህ አታስገባችሁም ነበር። በሉ ግቡ፣ ዛሬ ማንም አይቆጣችሁም።»

ኮምጣጤ የተረጨበትን ትኩስ ድንች ከወረቀቱ ላይ እያነሡ በሉ። ሽታው ብቻ ኔሪዳን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረጋት። ቀና ስትል ግን ቤቶቹ መጋረጃቸው ተዘግቷል፤ ለዕረፍት የሚመጡ ሰዎች ገዝተዋቸው ዓመቱን ሙሉ ባዶ ናቸው።

«ምን ይታይሻል? ንገሪኝ» አለ ዳርሲ።

«ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ባሕሩ ውስጥ ከሚገባው የእንጨት መድረክ ላይ ልጆች እየዘለሉ ይዋኛሉ።»

ዳርሲ ማኘኩን አቆመ። «መድረኩማ ፈርሷል። ውሃው ግንዶቹን ሲመታ አይሰማም። ኔሪ፣ የማላይ ብሆንም አታባብዪኝ።»

ኔሪዳ የድንቹን ወረቀት ጠቀለለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ መንገድ የምትመርጥለትና የምትወስንለት እሷ ነበረች።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ሊያርፉ ወደ አንድ ባዶ ዳርቻ ወጡ። ዳርሲ ከፊት ሆኖ በቁጥቋጦው መሃል ሲሄድ ኔሪዳ አንድ እባብ እግሩ ሥር ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ አየች።

«ዳርሲ፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለች በዝግታ።

ድምጿን ሰምቶ በቆመበት ደረቀ። እባቡ ራሱን ቀና አደረገ፣ አንገቱን አሰፋ፣ ምላሱን አወጣ፤ ከዚያ በጫማው አፍንጫ ላይ ተስቦ አልፎ ሣሩ ውስጥ ገባ። ዳርሲ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ዓይነት ነበር?»

ትንሽ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። «ጥቁር ነው፣ ቢጫ መስመር ያለው። ውፍረቱ ክንድህን ያህላል።»

«ጎሽ» አለ ላቡን እየጠረገ። «አሁን በደንብ ልፈራ እችላለሁ።»

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ቡራንጋ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አፍ ደረሱ። የባሕሩ ውሃ ወደ ወንዙ መመለስ ጀምሯል፤ ነገር ግን አፉን በከለለው የአሸዋ ደለል ላይ ማዕበሉ እየተከመረ ይፈርሳል። አንዲት የሞተር ጀልባ ፊቷን አዙራ ስትመለስ አጠገባቸው ዘገየች።

«አያቶች፣ አትሞክሩት» አለ ጀልባ ነጂው። «እኛም በሞተር አልቻልን፤ ወደብ ፍለጋ መሄዳችን ነው። ልጎትታችሁ?»

ገመድ ወረወረላቸው። ሞገዱ ጀልባዋን አንሥቶ ከታንኳዋ ጋር ሊያላትማቸው ሲል ነጂው ሸሸ፤ ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሸሸ። በመጨረሻ እጁን አወዛውዞ ሄደ። ወደ ኋላ ቢመለሱ የሦስት ሰዓት መንገድ ሙሉ ዳርቻው ገደል ነው፤ መውጫ የለውም። ከፊታቸው የምትጠልቀው ፀሐይ ውሃውን መስተዋት አድርጋው ኔሪዳ ምንም አልታያት አለ።

«በቀኝ እንግባ» አለች። «አይ፣ በግራ... ዳርሲ፣ አይታየኝም።»

«እንግዲያው ዝም በይ» አለ ዳርሲ፣ በቁጣ አልነበረም።

መቅዘፊያዋን ከውሃው አወጣች። እሱ አንገቱን አዘንብሎ ሰማ። በቀኝ ማዕበሉ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ በግራም እንዲሁ። በመሃላቸው ግን ድምፁ የሚሳሳበት ጠባብ ቦታ አለ፤ ጥልቁ ውሃ እዚያ ነው። ሦስት ትላልቅ ማዕበሎች አሳለፈ።

«አሁን።»

ሳትከራከር ቀዘፈች። ትከሻዋ እስኪቃጠል ቀዘፈች። ሊያልፉ ጥቂት ሲቀራቸው ከጎን የመጣ ማዕበል ገለበጣቸው። ጨው ጉሮሮዋን ዘጋው፤ ላዩና ታቹ ጠፋባት። አንድ እጅ የጃኬቷን አንገት ጨምድዶ ወደ ላይ ሳባት፣ ታንኳዋንም አስያዛት።

«እግርሽን ወደ ፊት አድርጊ። ውሃው ራሱ ያስገባናል።»

አስገባቸውም። ወንዙ ዳር ያለው አሸዋ ላይ በእንብርክክ ወጡ።

ሲረጋጉ ሳይጠይቃት ነገረችው፤ እናታቸው ድንኳን ትተክልበት የነበረው ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፣ ዛፎቹ ተቆርጠዋል። አንዳችም ነገር አልደበቀችውም። ዳርሲ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በዓይኑ ጥግ አተኩሮ ቆየ።

«አንተስ ምን ይታይሃል?» አለችው።

«አንቺ» አለ። «አርጅተሻል።»

ኔሪዳ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወደ መንደሩ ወጥታ ለልጇ ስልክ ደወለችና፣ በነጋታው መኪና ይዞ እንዳይመጣ፣ ከአጎቱ ጋር እየቀዘፉ እንደሚመለሱ ነገረችው።

«መቼ ነው የምትነሡት?» አላት ልጇ።

«እኔ አላውቅም» አለች። «ዳርሲን ልጠይቀው።»