ያልተመለሰው ቀይ ሙዳይ

ተረት ተረት! «የጉም በረት!» በሉ።

አንድ አገር ነበር። ስሙ ጉም አምባ ይባላል።

በጉም አምባ ጠዋት ጠዋት ምንም አይታይም። ዶሮዋ አትታይም፣ በሩ አይታይም፣ የገዛ አፍንጫችሁ እንኳ አይታይም!

ደግነቱ ተራራው አናት ላይ አባባ ቢሻው ነበሩ። አባባ ቢሻው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቁመታቸው የሚረዝም መጥረጊያ አላቸው።

በየማለዳው ይነሱና ጉሙን ይጠርጉታል። «ሿ! ሿ! ሿ!»

ጉሙ ተንከባሎ ገደል ይገባል። ፀሐይ ብቅ ትላለች። የጉም አምባ ሰዎችም «ነጋ!» ብለው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

አባባ ቢሻውን «እግዜር ይስጥልን» ያላቸው ግን አልነበረም። ሰው ፀሐይ ራሷ ጠርጋ የምትወጣ ይመስለዋላ!

በዚያ ዘመን በገና ስጦታ መሰጣጣት የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በሩን ዘግቶ የራሱን ይበላል።

ከተራራው ሥር ትርንጎ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ትርንጎ ጥያቄ አያልቅባትም። «ዝም በይ» ስትባል እንኳ «ለምን?» ትላለች።

አንድ የገና ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። «ኳ! ኳ!»

ትርንጎ ሮጣ ከፈተች። አባባ ቢሻው ቆመዋል። ጢማቸው ላይ ቁራጭ ጉም ተንጠልጥሏል።

በእጃቸው ቀይ ሙዳይ ይዘዋል። ከስንደዶ የተሰፋ፣ ክዳን ያለው፣ ትንሽዬ ሙዳይ።

«እንኳን አደረሳችሁ!» አሉ። «ይሄ ላንቺ ነው፣ ልጄ።»

ትርንጎ ክዳኑን ከፈተች። ማር! ጣቷን ነክራ ላሰች። «እምምም!»

«አባባ፣ ይግቡና አረፍ ይበሉ እንጂ» አለች እናቷ።

«ጉሙ መች ያስቀምጠኛል» አሉ አባባ ቢሻው። ከዚያ ወደ ትርንጎ ጎንበስ አሉ። «ሙዳዩን ስትመልሺልኝ ግን ቁጭ ብለን እናወራለን። እኔ ቤት ሰው አይመጣም።»

«እመጣለሁ፣ አባባ!» አለች ትርንጎ። «ነገ!»

አባባ ቢሻው ሳቁ። እየሳቁ ዳገቱን ወጡ።

በነጋታው ማሩ አለቀ። ትርንጎ ሙዳዩን ይዛ ወደ በሩ ሮጠች።

«ወዴት ነው?» አለች እናቷ።

«አባባ ቢሻው ጋ! ሙዳያቸውን ልመልስ!»

«ባዶውን? ኧረ ምን ነክቶሽ ነው! የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ጥሩ ነገር አግኝተን እንጨምርበታለን።»

«መቼ?»

«ነገ።»

ከላይ «ሿ! ሿ! ሿ!» ይሰማል። አባባ ቢሻው እየጠረጉ ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ዶሮዋ እንቁላል ጣለች። «እማዬ፣ ይኸው እንቁላል! አሁን እንሂድ?»

«ለማር አንዲት እንቁላል? ሰው ምን ይለናል! ነገ።»

አንድ ቀን ደግሞ ባቄላ ተቆላ። «እማዬ፣ ይኸው ቆሎ! አሁን እንሂድ?»

«ለማር የባቄላ ቆሎ? ሰው ምን ይለናል! ነገ።»

ነገ፣ ነገ፣ ነገ! እናንተም በሉ እስቲ፤ ለማለት እንዴት ይቀላል!

የትርንጎ እናት ክፉ ሰው አልነበረችም። ይሉኝታ ይዟት ነው። ይሉኝታ ደግሞ ደጉን ሰው እግር ተወርች አስሮ ቤቱ ያስቀምጠዋል።

ሙዳዩ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። አቧራ ለበሰ።

አንድ ቀን ትርንጎ መታገሥ አቃታት። እናቷ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ሙዳዩን አወረደችና ዳገቱን ጀመረች።

መንገድ ላይ ጎረቤታቸውን እትዬ ጠጅነሽን አገኘቻቸው። እትዬ ጠጅነሽ ያላዩትን ነገር ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ክዳኑን ብድግ አደረጉ።

«ወይ ጉድ! ባዶ ሙዳይ ተሸክመሽ ሰው ቤት ልትሄጂ? ካ! ካ! ካ! የማን ባለጌ ነሽ!»

የትርንጎ ጆሮ እሳት ሆነ። ዞራ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ከላይ የሚመጣው ድምፅ ያን ቀን ልዩ ነበር። «ሿ…… ሿ……»

«እማዬ፣ አባባ ቢሻው ደክሟቸዋል» አለች ትርንጎ። «እንሂድ።»

እናቷ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ልቧ ሄደ፤ እግሯ ግን ቀረ። «ነገ» አለች።

ክረምቱ መጣ፣ ሄደ። አበባው ፈካ፣ ረገፈ። ገና ሊሆን አንድ ቀን ቀረው።

እናቷ ስንዴ ስትቆጥብ ከርማ ኖሮ ዳቦ ጋገረች። በኮባ የተጠቀለለ፣ ሽታው ሰፈር የሚያዳርስ ዳቦ! ልክ ሙዳዩን ሞላው።

«አሁንስ አያሳፍረንም!» አለች እናቷ።

«እንሂድ! አሁን እንሂድ!» ትርንጎ ዘለለች።

«ገና ነገ አይደል እንዴ? በበዓሉ ቀን ያምራል። ነገ።»

ነጋ። ማለት፣ መንጋት ነበረበት እንጂ አልነጋም።

ትርንጎ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። «ሿ» የሚል የለም። ምንም የለም።

ጉሙ እንደተኛ ቀረ። በሰፈሩ ሰው ከሰው ተጋጨ። «ቋ! ውይ ግንባሬን!» «ቋ! አታይም እንዴ?» «ምኑን ልየው!»

«ይህን ጉም ዛሬ ምን ነካው?» ይባባላሉ። አባባ ቢሻውን ምን ነካቸው ያለ ግን ማንም የለም።

ትርንጎ ገባት። ሙዳዩን አንስታ የእናቷን እጅ ጎተተች። እየተደናበሩ፣ እንቅፋት እየመታቸው፣ ዳገቱን ወጡ።

«ኳ! ኳ!» አደረገች ትርንጎ። «አባባ፣ መጣሁ!»

መልስ የለም።

«ኳ! ኳ! ኳ! አባባ፣ እኔ ነኝ! ሙዳዩን አመጣሁ!»

በሩን ገፋ አደረጉት። አባባ ቢሻው አልጋቸው ላይ ተኝተዋል። መጥረጊያቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

እናቷ እጃቸውን ነካች። እጃቸው ቀዝቅዟል። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ትርንጎዬ» አለች፣ «አባባ ቢሻው ሞተዋል።»

ምድጃው አጠገብ አንድ ትልቅ በርጩማ ነበር። ከጎኑ ደግሞ አንድ ትንሽ በርጩማ፣ በትርንጎ ልክ የተጠረበ።

ትልቁ ብዙ ተቀምጠውበት አልቋል። በትንሹ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም። ግን አቧራ የለበትም፤ በየቀኑ ሲወለወል ከርሟል።

ትርንጎ ቀና ስትል ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ኩላብ ተተክሎበት አየች፤ ዕቃ የሚሰቀልበት ኩላብ። ግን አንድም ሙዳይ አልተሰቀለበትም።

«ባዶውን ልውሰድላቸው ብዬሽ ነበር!» ጮኸች ትርንጎ። «ብዬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ!»

እናቷ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «አፍሬ ነው፣ ልጄ። ባዶ እጄን አፍሬ ነው።»

«እሳቸው ዳቦ መቼ ጠበቁ! እኔን ነበር የጠበቁት!»

ሁለቱም አለቀሱ። ዳቦው ሙዳዩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። የሚበላውም አልነበረም።

አገሩ በጉሙ ውስጥ እየተጠራራ ወጥቶ አባባ ቢሻውን ቀበረ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እትዬ ጠጅነሽ ነበሩ። «እኔም ቤት ሙዳያቸው አለ!» አሉ። «የሚመጥን ነገር ባጣ ጓዳ ደበቅሁት!»

«እኛም ቤት አለ» አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

«እኛም ቤት!»

«እኛም ቤት!»

ለካ አባባ ቢሻው በየገናው አንድ ቤት ያንኳኩ ነበር። ለካ በየቤቱ ጓዳ አንድ ቀይ ሙዳይ አፍሮ ተቀምጧል።

ከቀብር ሲመለሱ ትርንጎ ዳቦውን አውጥታ አስቀመጠች። በሙዳዩ ውስጥ አንዲት እንቁላል አደረገች። እናቷ በሩን ከፈተችላት።

ሄዳ የእትዬ ጠጅነሽን በር መታች። «ኳ! ኳ! ያለኝን ይዤ መጣሁ፣ እትዬ። ልቀመጥ?»

«ነይ ግቢ፣ የኔ እናት» አሉ እትዬ ጠጅነሽ። አልሳቁም። ቁጭ ብለው ስለ አባባ ቢሻው አወሩ።

ከዚያ እትዬ ጠጅነሽ ተነሱ። ነገ አላሉም። በሙዳያቸው ጭብጥ ቆሎ አድርገው ቀጥሎ ያለውን ቤት አንኳኩ። «ኳ! ኳ! ያለኝን ይዤ መጣሁ። ልቀመጥ?»

«ኳ! ኳ!» ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት። ሎሚ የያዘ መጣ፤ ጨው የያዘ መጣ።

አንድ ሰው ባዶ ሙዳይ ይዞ መጣ። ማንም አልሳቀበትም፤ በርጩማ አቀረቡለት።

በጉም አምባ የገና ስጦታ የተጀመረው እንዲህ ነው። የጀመሩት አባባ ቢሻው ነበሩ፤ እሳቸው ግን አንድም ስጦታ አልደረሳቸውም።

ዛሬ ሁሉም በየደጁ ጉሙን ይጠርጋል። የተራራውን አናት እንደ እሳቸው የሚጠርግ ግን አልተገኘም። ለዚህ ነው ጉም አምባ አሁንም አርፍዶ የሚነጋው።

አባባ ቢሻው የተቀበሩ ዕለት ማታ እናቷ ትርንጎን ጋቢ አለበሰቻት። ትንሿ በርጩማ ከተራራው ወርዳ አልጋው አጠገብ ቆማለች።

«እማዬ» አለች ትርንጎ፣ «አባባ ቢሻው ተቀይመውኝ ይሆን?»

«አላውቅም፣ ልጄ» አለች እናቷ።

«ለምን አታውቂም?»

«አልሄድንማ። ብንሄድ ይነግሩን ነበር።»

ትርንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ «ለምን» አልጠየቀችም። እናቷ ጋቢውን ገልጣ አጠገቧ ገባች። እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ እቅፍ አደረገቻት።

ተረቴ አለቀ፤ የሰው ሙዳይ ያላችሁ ሙዳዩን መልሱ፣ ባዶም ቢሆን በጊዜ ድረሱ።