ጭረት የሌለው ስልክ

«ለእናቴ አትንገሪያት፤ በጃኺ» ብላ ለመነች ኣሪያም፣ ባንኮኒው ላይ በክርኗ ተደግፋ። «ዕቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው በያት። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ጁዋይሪያ ከማጉያ መነጽሩ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሓድነት ሰፈር ባለችው የአጎቷ የነስረዲን ስልክ መጠገኛ ሱቅ ከትምህርት ቤት መልስ ትሠራለች። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። የተጣሉ ስልኮችን እየፈታች፣ ቪዲዮ እያየች፣ ጣቷን እያቃጠለች ያወቀችው ሥራ ነው። በዚህም ትንሽ ኩራት ቢጤ አለባት። ኧረ ትንሽም አይደል።

«ምን ዓይነት ዕቃ?» አለች። «ስሙን ንገሪኝና ልዋሽልሽ።»

«እኔ ምን አውቄ? ኢንጂነሯ አንቺ!»

ስልኩ የኣሪያም እናት የወይዘሮ ኣብረኸት ነው። ደረታቸው ውስጥ እንደሸጎጡት ውሃ ሊቀዱ ጎንበስ ሲሉ ሾልኮ በርሜል ውስጥ ገባ። አውጥተው ጠረጉት፤ ከዚያ ጎረቤት «ውሃውን ይመጥለታል» ስላለቻቸው ጤፍ ውስጥ ቀበሩት። በማግስቱ ቻርጀር ሰኩበት። ጁዋይሪያ ስትፈታው የቻርጀሩ ቀዳዳም ድምፅ ማውጫውም በጤፍ ተወትፎ ነበር። ጤፍ መርፌ በምትገባበት ሁሉ ይገባል። ውሃው ግን እዚያው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሥራውን ሠራ።

የሚያናድደው መስታወቱ ነው። ጭረት እንኳን የለውም። ይህ መስታወት ፋብሪካ ውስጥ በቀለጠ ጨው ተነክሯል፤ ትንንሾቹ አተሞች ይወጣሉ፣ በቦታቸው ትልልቆቹ ይገባሉ፤ የከተማ ታክሲ ውስጥ እንደታጨቀ ሰው ተጨናንቀው ስለሚቆሙ ስንጥቅ በቀላሉ መንገድ አያገኝም። ውሃን የሚከለክለው ግን እሱ አይደለም። በጠርዙ የዞረች፣ ክር የምታክል ሙጫ ናት። ሙጫ ደግሞ ያረጃል። ይህን ለወይዘሮ ኣብረኸት ማን ያስረዳቸው? እሳቸው የሚያዩት የሚያብረቀርቀውን ፊቱን ነው። «ይኸው፣ ምንም አልሆነም እኮ!» ይላሉ በመጡ ቁጥር።

ስልኩ ውስጥ የቴድሮስ ድምፅ ነበረ። ቴድሮስ የኣሪያም ታላቅ ወንድም ነው። ወደ የመን የምትሻገረውን ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት ለእናቱ ደውሎ ያወራውን ስልኩ በራሱ ቀድቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቴድሮስ የሰማ የለም። እናቱ ጠዋት ጠዋት ያንን ይሰሙ ነበር። ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪው» አለች ኣሪያም፤ ድምፅዋ ወረደ።

ጁዋይሪያ የኤሌክትሪኩን ገመድ ጫፍ የስልኩ ቦርድ ላይ አሳረፈች። «እዚህች ቺፕ ላይ ጣትሽን አድርጊ።»

ኣሪያም ነካችና ወዲያው ሳበችው። «ያቃጥላል!»

«ድምፁ የነበረው እሷ ውስጥ ነው። ነድዳለች። ሌላ ነገር ቢሆን ቀይሬ አስነሳልሽ ነበር። ይህቺን ብቀይራትም ስልኩ ይነሳል፤ ግን ባዶውን። አጎቴም አየው፤ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቹንም ጠየቀ። ወላሂ፣ ያልሞከርኩት የለም።»

«ሰኞ ይነሳል ካልኳት ወዲህ ነው እኮ እህል የቀመሰችው። ገባሽ?»

ጁዋይሪያ ገመዱን ከቦርዱ ላይ አነሳች። የዚህ ሙያ ሰው «ሞቷል» አይልም፤ «ነገ ብቅ በሉ» ነው የሚለው። ነስረዲንም እንደዚያው ነው። ደንበኛው ሲሰለቸው በራሱ ጊዜ ይቀራል። ወይዘሮ ኣብረኸት ግን የሚሰለቻቸው ዓይነት አይደሉም። እስከ መቼ ይመላለሱ?

በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ራሳቸው ናቸው፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ።

«ከመይ ውዒልኪ፣ ጓለይ?» ብለው ጁዋይሪያን ሰላም አሏት። «ሰኞ አልደረሰም፤ ዐውቃለሁ። እንዲያው በዚህ ሳልፍ ነው።» ዓይናቸው ግን ባንኮኒው ላይ እየተንከራተተ ነበር። «ዕቃው መጣ እንዴ?»

ኣሪያም ከእናቷ ጀርባ ሆና ጁዋይሪያን ተመለከተቻት። ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች «በጃኺ» አለች።

«ኣደይ ኣብረኸት...» አለች ጁዋይሪያ፣ እንደ እናቷ ጠርታቸው። «የሚመጣ ዕቃ የለም።»

ኣሪያም ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ኣብረኸት፣ ፈጠን ብለው። «እሺ፣ ችግር የለውም። ሰኞ ካልሆነ ማክሰኞ እመጣለሁ።»

ጁዋይሪያ ከባንኮኒው ኋላ ወጣች። ለደንበኛ ብላ ወጥታ አታውቅም። መንገደኛ እንዳያያቸው የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው፤ ወንበሯንም አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠች።

«ይቀመጡ፣ ኣደይ» አለች። «ማክሰኞም አይምጡ።»