ደረቅ መሬት ላይ ያንጠባጠበው ጀልባ

እኔ የብረት ሰው ነኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እጄ ከግራሶ ያልተለየ መካኒክ፣ እና ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ "ምን ጠጥተህ ነበር?" ብዬ የምስቅ ነበርኩ። ደግሞ የምነግርህ ነገር በጨለማ የሆነ እንዳይመስልህ፣ እሁድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ከጠበል በቀር አፌ ምንም ሳይገባ ነው የሆነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጀልባ ምን ይሠራል ትለኝ ይሆናል፣ ልክ ነህ። ባለቤቱ ጋሽ ይርጋ የአምበር ሰው ናቸው፣ ጣና ላይ ተሳላሚ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ እኔም በወጣትነቴ ሐይቁ ዳር አምስት ዓመት ጀልባ ስጠግን ያውቁኛል፣ እና "ካንተ እጅ በቀር አላምንም" ብለው በጭነት መኪና አስጭነው አመጡትና ጋራዣችን ግቢ ውስጥ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አስቀመጡት። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ይስቃል፣ "ኖኅ ሆንክ እንዴ?" ይለኛል፣ ጥር ነው፣ ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል፣ ግቢው አቧራ ብቻ ነው።

ጋራዣችን ስል የእኔና የሙላት ማለቴ ነው። ሙላት ጓደኛዬ ብቻ አይደለም፣ አበልጄ ነው፣ ልጄን ማህሌትን ክርስትና ያነሳቻት የእሱ ሚስት ናት፣ ልጅቷ ከእኔ ይልቅ እሱ ጭን ላይ ነው ያደገችው ብልህ ማጋነን አይሆንብኝም።

የጀልባው ሥራ እንዲህ ነው፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ በኋላ በኩል የጀልባውን ሆድ በስቶ ይወጣል፣ በዚያ ቀዳዳ ውሃ እንዳይገባ ዘንጉ ላይ ቅባት የጠጣ የጥጥ ገመድ በአራት ቀለበት ይጠመጠምና በክዳን ተጭኖ በሁለት ዳዶ ይታሰራል። ዘንጉ ሲዞር ትንሽ ትንሽ ጠብ ማለት አለበት፣ ፈጽሞ ካላንጠባጠበ ይቃጠላል፣ ገመዱ አርጅቶ ከደረቀ ደግሞ አንድ ቀን ሐይቅ መሐል ይለቅና ውሃው ጀልባውን ይሞላዋል። የጋሽ ይርጋ ገመድ እንዲያ ደርቆ ነበር። አዲሱን ራሴ መርጬ ገዛሁና ልጀምር ስል ቁይ ከተማ የሚኖረው አጎቴ አረፈ፣ ለለቅሶ ሄድኩ፣ ሥራውን ለሙላት ትቼ።

ሦስት ቀን ቆይቼ ቅዳሜ ተመለስኩ። ጀልባው ሰኞ ጠዋት ሊጫን ነው፣ በዚያው ሳምንት ጣና ውስጥ ወዳለው የደሴት ገዳም ተሳላሚ ይዞ ይሻገራል፣ ከተሳላሚዎቹም መካከል እናቴና ማህሌት አሉ፣ ልጅቷ ታማ ሳለች እናቴ የተሳለችው ስለት ነበረባት። ሙላት ይሄን አሳምሮ ያውቃል፣ ልብ በልልኝ።

"አበልጄ፣ ገመዱን ቀየርከው?" አልኩት።

"እንዴታ!"

"አራቱንም?"

"ማህሌት ትሙት! አራቱንም አውጥቼ በአዲስ ቀይሬዋለሁ።"

በቃ። አየህ፣ በሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ዳዶ ፈትቼ ማየት ነበር፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት፣ ግን አበልጅ በልጅህ ስም ከማለልህ በኋላ መፍቻ ይዘህ መሄድ ፊቱ ላይ መትፋት ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ አይደረግም። ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ለቅሶ ስሄድ ረስቼው የነበረውን ጃኬቴን ልወስድ ጋራዡን ከፈትኩ። ማንም የለም፣ ሙላት ወላጆቹ ዘንድ አምበር ወርዷል። ጃኬቴን አንስቼ ልወጣ ስል፣ ጠብ።

ቧንቧው ነው ብዬ ሄጄ አየሁት፣ ውሃ እንኳ አልመጣም፣ ከተማው ውስጥ ሁለተኛ ቀኑ ነው ከጠፋ። ደግሞ ጠብ፣ ጥቂት ቆይቶ ጠብ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ ልክ ጠብቆ። ከጀልባው ሆድ ነው የሚመጣው። ዞሬ ኋላውን አየሁ፣ ፕሮፔለሩ ላይ ሸረሪት ድር አድርታበታለች፣ ዘንጉ የሚወጣበት አፍ አቧራ ለብሷል። ነጠላዬን አጣፍቼ ጀልባው ላይ ወጣሁና የወለሉን ሳንቃ አነሳሁ። እመነኝ ወዳጄ፣ ከክዳኑ ሥር ጠብታ አብጣ፣ ተንጠልጥላ፣ ወደቀች። ከታች እፍኝ የሚሞላ ውሃ ተጠራቅሟል። እጄን ነከርኩ፣ ቀዘቀዘኝ፣ አሸተትኩት፣ ደንገል፣ ዓሣና ጭቃ፣ የሐይቁ ሽታ፣ አምስት ዓመት የኖርኩበትን ሽታ ልሳሳት አልችልም።

ዳዶውን ጠበቅ አደረግኩት፣ ጭራሽ ፈጠነ፣ ጠብ ጠብ ጠብ። ያን ጊዜ መሐላውም ይሉኝታውም ጠፋብኝ፣ ሁለቱንም ዳዶ ፈታሁና ክዳኑን ሳብኩት። የመጀመሪያው ቀለበት አዲስ ነው፣ ነጭ፣ ቅባቱ የሚያበራ። ከእሱ ሥር ያሉት ሦስቱ ያው አሮጌዎቹ ናቸው፣ በካቻቢቴ ስነካቸው እንደ ከሰል ተፈረፈሩ።

ወዳጄ፣ ውሃው አይደለም ያስፈራኝ። "ማህሌት ትሙት" ያለው አፍ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው፣ ጀልባው ላይ የምትወጣው እሷ ራሷ መሆኗን እያወቀ። እዚያው ሳንቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለሙላት ደውዬም "ና" ብቻ አልኩት።

መጣ፣ ክዳኑን እጄ ላይ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ግን ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?

"ከፈትከው? በልጅህ ምዬልህ ከፈትከው?"

"ገመዱ የት ሄደ ሙላት?"

"የአባቴ የመስኖ ፓምፕ ውሃ እየተፋ፣ ሽንኩርቱ ሲደርቅ ዝም ብዬ ልይ? ሦስቱን ለፓምፑ አሰርኩት፣ በኋላ እተካዋለሁ ብዬ ነው።"

"በኋላ መቼ? ነገ እኮ ነው የሚጫነው!"

"አንዱ አዲስ እኮ አለ፣ አንድ ዓመት ይይዝ ነበር። ደግሞ ማን ነገረህ? ሳታምነኝ ነው የኖርከው ማለት ነው?"

"ሲያንጠባጥብ ሰምቼ ነው" አልኩና ሳንቃውን አነሳሁለት። ደረቅ ነው። አንዲት እርጥብ ነጥብ የለም፣ አቧራው እንኳ አልተነካም። ሙላት አንዴ ወለሉን፣ አንዴ እኔን አየና "አበልጅህን ሌባ አድርገህ ቆጠርከው፣ ይሁን" ብሎ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። የተከዳሁት እኔ፣ ከዳተኛውም እኔ ሆኜ ቀረሁ።

ጋሽ ይርጋን "ሁለት ቀን ይታገሡኝ" አልኳቸው፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኳቸውም፣ ስሙን ሸፈንኩለት። ገመድ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ አስመጥቼ አራቱንም በእጄ አሰርኩ። እናቴና ማህሌት ተሻግረው፣ ስለታቸውን አግብተው በሰላም ተመለሱ።

ባለፈው ሳምንት የሁለታችን የንስሐ አባት ሊያስታርቁን ሙላትን ይዘው ቤቴ መጡ። ሁሉንም ነግሬያቸው ነበር፣ የጠብታውን ነገር ግን ዋጥኩት። ሙላት ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ፣ "አጥፍቻለሁ፣ ከእንግዲህ አይለመደኝም" አለ፣ እኔ ግን ቃሉን ሳይሆን ጠብታውን ነበር የማዳምጠው፣ ውሸት ከሆነ ይሰማል ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ ጠበቅኩ። ምንም የለም፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ማህሌት ገብታ ጭኑ ላይ ተቀመጠች።

"አንተስ ልጄ? ይቅር ብለኸዋል?" አሉኝ አባ።

"ብዬዋለሁ።"

"ከልብህ?"

እኔ በልጄ ምዬ አላውቅም፣ ሰው ሲምልባትም ይቀፈኝ ነበር፣ ግን ከአፌ አመለጠኝ፦ "ማህሌት ትሙት፣ ከልቤ ነው።"

"መሐላ መች ጠየቅኩህ" አሉ አባ ቅር ብሏቸው፣ እና መስቀላቸውን ሊያሳልሙን ብድግ አሉ። ማህሌት ግን ከሙላት ጭን ላይ ሆና አንገቷን ወደ እኔ አዞረች፣ ወንበሬ ሥር ዝቅ ብላ አየች።

"አባዬ" አለችኝ፣ "ምንድን ነው እንዲህ የሚንጠባጠበው?"